ዝገትና ትንሣኤ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ጎሮ፣ ወይም በመገናኛ በኩል ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት የሚጓዝ ሰው፣ ዓይኑን የሚስበው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚነሣው የመስተዋትና የሲሚንቶ ሕንጻ ስለ ሆነ፣ ከሕንጻዎቹ ኋላ በቆርቆሮ አጥር በተከለሉት ግቢዎች ውስጥ ሸራ ለብሰው፣ ጎማቸው ወልቆ፣ በግንድና በድንጋይ ተደግፈው የሚቆዩትን አሮጌ መኪናዎች ልብ ብሎ አያያቸውም። የሰፈሩ ሰው ግን ያውቃቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእነዚያ ግቢዎች የመዶሻና የመፍጫ ድምፅ ይሰማል፣ የብየዳ ብልጭታ በአጥሩ ቀዳዳ ይታያል፤ አባትና ልጅ ወይም ሁለት ወዳጆች ከሞተር በታች ተጋድመው ሲከራከሩ ይውላሉ። እኔም ይህን ሥራ በጉርብትና ምክንያት በቅርብ እየተመለከትሁ ስኖር፣ ነገሩ ከብረትና ከቅባት አልፎ፣ አባቶቻችን ሊቃውንት ስለ ሰው አካል፣ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ ሲመረምሩት ከኖሩት ጥያቄ ጋር አንድ ሥር እንዳለው ስለ ታየኝ፣ ሐሳቤን በጽሑፍ ለማስፈር ወደድሁ።

ጥያቄው በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ የእጅ ሥራ ብልቱ አንድ በአንድ እየተነቀለ በሌላ ቢተካ፣ በመጨረሻም ከጥንቱ ግዘፍ እምብዛም ያልቀረለት ቢሆን፣ ቀድሞ በተጠራበት ስም መጠራት ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ፣ ግዘፉ ካለፈ በኋላ እርሱነቱን ተሸክሞ የተሻገረው ምንድን ነው?

በገበያ ዓይን ብቻ ለሚመለከት ሰው ይህ ትርፍ ጥያቄ ይመስለዋል። አሮጌ መኪና የሚታደሰው አዲስ ማግኘት ስላልተቻለ ነው ይላል፤ አነጋገሩም እውነት አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የጣለው ከባድ ግብር፣ ኋላም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ፣ በእጅ ያለውን ዕቃ አክብሮ መያዝን ግድ አድርጎታል። ነገር ግን ችግር ሰውን ወደ ሥራው ያስገባዋል እንጂ በሥራው ውስጥ ዓመታት የሚያቆየው ችግር ብቻ አይደለም። መኪናው ተሽጦ ከሚያወጣው ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብና ዕድሜ የሚያፈስበት ሰው፣ ከመጓጓዣ ሌላ የሚፈልገው ነገር እንዳለው ግልጽ ነው።

ነገሩን በአካል ለመያዝ ጎረቤቴ የሚያድሱትን ላንድሮቨር አቀርባለሁ። ላንድሮቨር የጦርነት ማግሥት ልጅ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያውን ንድፍ በዌልስ አገር በባሕር ዳር አሸዋ ላይ እንደ ጫረው ይነገራል፤ በሚቀጥለው ዓመት መኪናው በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በመጠን የሚታደል ሲሆን፣ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሲሠሩበት የቆዩት አልሙኒየም ግን ተርፎ ይገኝ ስለ ነበር፣ የመኪናውን ገላ ከአልሙኒየም ቅይጥ ሠሩት፤ ሁሉን የሚሸከመውን አጥንት፣ ማለት ሻንሲውን፣ ከብረት ላሜራ ቆርጠው እንደ ረጅም ሣጥን አድርገው በየዱት። ከዚህ የተነሣ የመኪናው ዕጣ ከሰው ዕጣ የተገለበጠ ሆነ፤ የሰው ሥጋ ፈርሶ አጥንቱ ይቆያል፣ ላንድሮቨር ግን ገላው ሳይጠፋ አጥንቱ ይበሰብሳል። ውስጡ ባዶ የሆነው ሻንሲ በክረምት ጭቃ ይጠጣል፣ በበጋም ጭቃው እዚያው ይጋገርበታል፤ የተጋገረው ጭቃ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ባለቤቱ ቀለሙን እያየ ደኅና ነው ሲል፣ የባልስትራው ማንጠልጠያና የኋላው መስቀለኛ ብረት በጣት ሲነካ የሚቀደድ ወረቀት ሆኖ ይገኛል።

የዝገት ባሕርይ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። ብረት ከምድር ሲቆፈር ብረት ሆኖ አይወጣም፤ ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደ ቀይና ቡናማ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ በእቶን እሳትና በከሰል ኃይል ኦክሲጅኑ ተነጥቆ ይጠራል። በዚህ ዓይነት የተነጠቀው ብረት፣ ውሃና አየር ባገኘው ጊዜ ሁሉ የተነጠቀውን መልሶ እየያዘ ወደ ጥንቱ ድንጋይ ባሕርይ ይሄዳል፤ ከሻንሲ ላይ የሚረግፈው ቀይ ቅርፊት ከማዕድኑ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ ዝገት ብረት ወደ ወጣበት ምድር የሚመለስበት መንገድ ነው ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ለአዳም የተነገረውን ፍርድ የሚያስብ ክርስቲያን፣ ይህ ፍርድ በሰው ብቻ ሳይወሰን ሰው በእጁ በሠራው ሁሉ ላይ እንደ ተዘረጋ በገዛ ግቢው ቆሞ ያየዋል።

ጎረቤቴ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በጥገና ሥራ ረጅም ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ። ላንድሮቨሩ የአባታቸው ነበረ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች ርዝመት ያለው፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት፣ ከጋቢናው ኋላ ክፍት የጭነት ሣጥን ያለው ፒካፕ ነው። አባታቸው በጅማና በከፋ መንገድ ቡና ሲያመላልሱበት ኖረው ካረፉ በኋላ፣ መኪናው ገርጂ ባለው ግቢ በባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ብዙ ክረምት አለፈበት። ጋሼ ሥራውን የጀመሩት በለመዱት በአውሮፕላን ሥርዓት ነው። በእርሳቸው ሙያ አንድ ቡሎን ሲፈታ የት እንደ ነበረ ይጻፋል፣ የሚለወጠው ዕቃ ከነቁጥሩ በመዝገብ ይሰፍራል፤ የአንዱ አውሮፕላን ሞተር ወርዶ በሌላው ክንፍ ሥር ሲገጠም እንኳ፣ የሞተሩን ታሪክ የሚናገረው መዝገብ ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህም ከካምቢዮውና ከፍሪሲዮኑ፣ ከፍሬኑና ከመሪው የወጣው ዳዶና ቡሎን በየቆርቆሮው ተለይቶ፣ በፕላስተር ላይ ስሙ ተጽፎበት በመደርደሪያ ተቀምጧል።

አንድ ቀን ገላው ወርዶለት ሻንሲው ብቻውን በሁለት ግንድ ላይ በተጋደመ ጊዜ፣ ጋሼ ትንሽ መዶሻ ይዘው ከፊት ወደ ኋላ እየመቱ ሲያዳምጡ አጠገባቸው ነበርሁ። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ በበሰበሰው ላይ ግን ድምፁ ይታፈንና ቅርፊት ይረግፋል። በቀኝ በኩል ከኋላው ባልስትራ ማንጠልጠያ በላይ ሲደርሱ መዶሻው ቆመ። ከቀለሙ በታች በእጅ የተቆረጠ አንግል ብረት በወፍራም ብየዳ ተለጥፎ ተገኘ፤ የብየዳው መሥመር ጠማማ፣ ጠብታውም ሳይፈጭ የቀረ ነው፣ ነገር ግን አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም። ከሣጥኑም ውስጥ በብረት ዘንግ ሲጎረጎር፣ መጀመሪያ የሰፈራችን ጥቁር ዋልካ፣ ከእርሱም ሥር እንደ ጡብ የደረቀ ቀይ አፈር ወጣ። ጋሼ ቀዩን አፈር በጣታቸው አድቅቀው ተመለከቱና፣ «ይህ የአባቴ መንገድ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥፉን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ ዙሪያውን መርምረው፣ እንዳለ ተዉት፤ የኋላውን መስቀለኛ ብረት ግን ያለ ርኅራኄ ቆርጠው ጣሉት። ይህ የሁለት ብረት ሁለት ፍርድ፣ ከዚህ በታች ለምናገረው ሁሉ መነሻ ሆኖኛል።

የመንግሥት ሕግ ለጥያቄያችን የራሱን መልስ አዘጋጅቷል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በሚገዛው አሠራር፣ በሊብሬው ላይ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ይሰፍራሉ፤ መርማሪውም ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አመሳክሮ ነው መኪናው እርሱ ነው የሚለው። በሕግ ፊት የጋሼ ላንድሮቨር ማለት፣ ከፊት ባልስትራ ማንጠልጠያ አጠገብ በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ስለዚህ ስሙ የተጻፈው በሚበሰብሰው ክፍል ላይ ሲሆን፣ የማይበሰብሰው የአልሙኒየም ገላ ስም የለሽ ሆኖ ቀርቷል። ጋሼ ከጠቅላላው ሻንሲ በፊት የፊተኛውን ጫፍ ከነቁጥሩ ለማዳን የተጉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሕጉ ሌባንና ባለቤትን ለመለየት የቆመ ስለ ሆነ በቁጥር ቢደገፍ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ቁጥር የማንነት ምልክት ነው እንጂ ማንነትን የሚሰጥ አይደለም፣ ምልክቱን ከሚያመለክተው ነገር ጋር አንድ ማድረግም ትልቅ ስሕተት ነው።

የግሪክ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ የተከራከሩበትን ነገር ፕሉታርክ ጽፎልናል። አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ፣ ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ ይተኩት ስለ ነበር፣ ፈላስፎቹ ከፊሉ ያው መርከብ ነው፣ ከፊሉ ሌላ ነው ይሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ቶማስ ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ ጥያቄውን አከበደው፤ የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች የትኛው ነው የቴሴዎስ ሲል ጠየቀ። ይህ ለሆብስ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ነገር ነበር፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ግን የዕለት ንግድ ነው። በዚያ መኪና ይታረዳል፣ ብልቱ ይሸጣል፤ የአንዱ ካምቢዮ በደብረ ብርሃን መንገድ፣ የሌላው ዲፈረንሻል በአርሲ፣ በርና መስተዋቱ ደግሞ ወዴት እንደ ሄደ በማይታወቅ ስፍራ ሥራውን ይቀጥላል። ጋሼ ራሳቸው ለላንድሮቨሩ ካምቢዮ የጎደሉትን ጥርሶች ያገኙት ከዚያ ነው። እንግዲህ እርሱነት በግዘፍ ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ፣ የጋሼ መኪና ዛሬ ከፊሉ የማያውቁት ሰው መኪና ነው ማለት በተገባ ነበር፤ ይህን የሚል ሰው ግን በግቢውም በገበያውም አላገኘሁም።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሕጉም ከግሪኮቹም የጠለቀ ልማድ አላት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ አጥቢያዎች መጀመሪያ በጭቃና በእንጨት ተሠርተው፣ ኋላ በድንጋይ፣ ኋላም በሲሚንቶ ጉልላት የተተኩ ናቸው፤ አንዳንዱም ከነበረበት ጥቂት ራቅ ብሎ ታንጿል። ይሁን እንጂ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናችን ሌላ ሆነ አይሉም፤ ታቦቱ ያው፣ የሚታሰበው ቅዱስ ያው፣ የሚቀርበው መሥዋዕት ያው ነውና። ግድግዳው ያገለግላል፣ ያልፋልም። ስለዚህ የነገርን እርሱነት በሚታየው ሕንጻ ከመፈለግ ይልቅ ሕንጻው ስለ ማን ቆመ፣ ለምንስ ቆመ ብሎ መጠየቅ ለኢትዮጵያዊ አእምሮ እንግዳ አይደለም።

ይህን ሐሳብ ለጋሼ የንስሐ አባት አቀረብሁላቸው። እርሳቸው አንዳንድ ጊዜ ግቢውን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ በሥራው አጠገብ ይቀመጣሉ። «አባታችን፣ ይህ ሁሉ ከተለወጠ በኋላ መኪናው ያው ነው ይባላልን? የሙታን ትንሣኤስ ከዚህ ይመሰላልን?» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ ሰው ከሰባት ባሕርያት መፈጠሩን፣ አራቱ የሥጋ ባሕርያት መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ መሆናቸውን፣ በሞት ጊዜ እያንዳንዱ ወደ ዘመዱ እንደሚሄድ፣ ነፍስ ግን ነባቢት፣ ለባዊትና ሕያዊት ሆና እንደምትቆይ፣ በትንሣኤም የተበተነውን የሚያውቅ ጌታ እንደሚሰበስበው አስረዱኝ። ቀጥለውም «ልጄ፣ መኪና ነፍስ የለውምና ትንሣኤ አትበለው፤ ዕቃ ነው። ዕቃን የሚያቆመው ጠባቂው ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል የምሳሌውን ወሰን አጥርቶ ያሳየ ስለ ሆነ በአክብሮት ተቀበልሁት። በሰው ላይ እርሱነትን ተሸክማ የምትሻገር ነፍስ አለች፤ ከነፍስም በላይ እያንዳንዳችንን በስማችን የሚያውቅ ፈጣሪ አለ። በዕቃ ላይ ግን በነፍስ ስፍራ የሚቆመው አደራ ነው። አንድ ዕቃ ያው ሆኖ የሚቆየው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚያውቀውና ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው ሳይቋረጥ እንደ ሆነ ነው። የጅማውን ቡና ያመላለሰው አባት፣ ስሙን የማናውቀው የገጠር በያጅ፣ ጋሼና ልጃቸው በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ መኪናውን ያው መኪና ያደረገው ይህ ሰንሰለት ነው ብዬ አምናለሁ። በባሕር ዛፉ ሥር በቆመባቸው ዓመታት ከመኪናው አንድ ብልት ሳይወጣ እርሱነቱ ሊጠፋ ቀርቦ ነበር፤ የተረሳ ነበረና። አሁን ደግሞ ብዙ ብልቱ ተለውጦ ሳለ ከቀድሞው ይልቅ እርሱ ሆኗል።

ይህ ከሆነ፣ መልካም እድሳት ማለት መኪናውን ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ማድረግ ነው የሚለው የብዙዎች አስተያየት ሊቀበሉት የሚያስቸግር ነው። የመጀመሪያው ቀን የመኪናው እውነት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቀን ገና ማንንም ያልተሸከመበት ቀን ነው። አባቶቻችን ብራና ሲፍቁ ቆዳው ቢሸነቆር ቀዳዳውን በክር ይሰፉት ነበር፤ ጸሐፊውም ቃሉን በስፌቱ ዙሪያ ያሳልፋል፣ ስፌቱም በመጽሐፉ ገጽ ላይ ለዘመናት ይታያል። በ1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው የአክሱም ሐውልት፣ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ሲቆም የስብራቱ መጋጠሚያ ከድንጋዩ ላይ አልጠፋም፤ ሐውልቱ መውደቁንም፣ መማረኩንም፣ መመለሱንም በገላው ይዞ ቆሟል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን በወንጌል ያለው ነው። ጌታችን ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ጊዜ፣ ሞት የማይገዛውን ሥጋ ይዞ በተዘጋ ደጅ ገብቶ ሳለ፣ ለቶማስ ያሳየው የችንካሩንና የጦሩን ምልክት ነው። ሁሉን የሚችል እርሱ ምልክቱን ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ አላጠፋውም። ደቀ መዝሙሩም ያወቀው በምልክቱ ነው። ስለዚህ ፍጹም የሆነው ነገር ሁሉ ጠባሳ የሌለው ነው የሚለው ሐሳብ ከወንጌል የተገኘ አይደለም፤ ከሱቅ መስተዋት የተገኘ ነው።

ነገር ግን ቁስልና ጠባሳ ይለያያሉ። የኋላው መስቀለኛ ብረት ቁስል ነበር፤ ያልዳነ፣ የሚሰፋ፣ አንድ ቀን ተጎታች ሲታሰርበት ተገንጥሎ ሰው ሊገድል የሚችል። የአንግሉ ለጥፍ ግን ጠባሳ ነው፤ ተሰብሮ ነበር፣ ድኗል፣ ከዚያም በኋላ ሸክሙን ተሸክሞ ኖሯል። አሮጌ ነገርን ከመውደድ የተነሣ ቁስሉን ጭምር ጠብቆ በሰው ሕይወት የሚጫወት ሰው አደራ ጠባቂ አይባልም። ጠባሳውን ጭምር ፍቆ፣ በስቱኮ ሞልቶ፣ በአዲስ ቀለም የሸፈነውም ደግሞ ከእርሱ በፊት የነበሩትን እጆች ክዷቸዋል።

በዚህ ስፍራ ከቅዱስ መጽሐፍ የሚነሣ መቃወሚያ እንዳለ አውቃለሁ። ጌታ በተራራው ስብከቱ ብልና ዝገት በሚያጠፉት ምድር ላይ መዝገብ እንዳንሰበስብ አስተምሯልና፣ ለዛገ ብረት ይህን ያህል መድከም ልብን ከምድር ጋር ማሰር አይደለምን? መቃወሚያው ከባድ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባውም። እኔን የሚረዳኝ ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ፍጻሜ አካባቢ ባለጸጎችን ሲገሥጽ ዝገትን ምስክር አድርጎ ማቅረቡ ነው። በእርሱ ቃል ዝገቱ የሚመሰክረው ሀብቱ ተከማችቶ በመቅረቱ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር የቆመው ላንድሮቨር የሰበሰበው ዝገት እንደዚሁ ያለ ምስክር ነው፤ ሊያገለግል የሚችል ነገር ሳያገለግል መቅረቱን ይናገራል። ዝገቱን ፍቆ መኪናውን ወደ ሥራ የሚመልስ ሰው መዝገብ አልሰበሰበም፤ የታሰረውን ፈታ እንጂ። አድሶ ሲያበቃ እንደገና በሸራ ሸፍኖ ለእንግዳ ማሳያ ብቻ የሚያቆመው እንደ ሆነ ግን የሐዋርያው ተግሣጽ ያገኘዋል፤ ይህን ለጋሼም ሳልሸሽግ ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ስለ ማሻሻል እናገራለሁ፤ ከእድሳት ይልቅ ይህ ያከራክራልና። ሊቃውንት ስለ ከበረው የሥጋዌ ምሥጢር ሲናገሩ ውላጤን፣ ማለት ከባሕርይ ወደ ሌላ ባሕርይ መለወጥን፣ አጥብቀው ይነቅፋሉ፤ ቃሉን ለብረት መዋስ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ፣ በዕቃም ዘንድ ውላጤ የሚባል ነገር አለ እላለሁ። ዕቃ የሚታወቀው በግብሩ ነው። የላንድሮቨር ግብር መንገድ ባለቀበት ስፍራ ሰውንና ሸክምን ማሻገር ነው፤ አራቱም ጎማ የሚስበው፣ ረዳት ማርሽ የተሰጠው፣ ሁሉ ነገሩ በመፍቻና በመዶሻ እንዲጠገን ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። ይህን ግብር የሚያጸና ለውጥ እድሳት ነው፤ ግብሩን የሚያስጥል ግን ዕቃው ሁሉ የፋብሪካ ቢሆን እንኳ ውላጤ ነው። የጥንቱ ፍሬን በአንድ መሥመር ብቻ የሚሠራ ስለ ነበረ አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣ ነበር፤ ጋሼ በሁለት መሥመር ከፍለውታል፣ አባታቸው ያልነበራቸውን የወንበር ቀበቶም አስገብተዋል። ይህ የአባትን ሥራ መናቅ አይደለም፤ አባትየው ልጆቻቸውን በጋቢናው ሲጭኑ የተመኙትን ደኅንነት መፈጸም ነው።

በአንጻሩ በቦሌ ጎዳና ማታ ማታ የምናያቸው፣ ባልስትራቸው ከልክ በላይ ከፍ የተደረገ፣ ሰፋፊ ጎማ የተገጠመላቸው፣ ግንባራቸው በመብራት የተሞላ አሮጌ መኪናዎች ያሳዝኑኛል። መኪናው ከፍ ሲል ክብደቱ አብሮ ከፍ ስለሚል በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ክሮቼራው ባልተሠራለት ማዕዘን ሲዞር ቶሎ ያልቃል፣ በላንድሮቨር ላይ ደግሞ ቀድሞውንም ደካማ የሆነው የኋላ ሰሚያስ የሰፊውን ጎማ ጉልበት ሳይችል ቀርቶ ይቆረጣል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ከአስፋልቱ ዳር ወርዶ የአንድ እርሻ ቦይ እንኳ ለመሻገር የማይችል ሆኖ ቀረ። የዚህ ዓይነቱ ሥራ የመኪናውን ግብር ለባለቤቱ ውዳሴ ከንቱ መሥዋዕት ማድረግ ነው።

ከሁሉ የከበደው ክርክር በጋሼና በልጃቸው መካከል የተነሣው ነው። ልጁ በሰሚት የሚኖር የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆን፣ የቤንዚኑ ሞተር ወርዶ በኤሌክትሪክ ሞተርና በባትሪ እንዲተካ ይፈልጋል። «አባዬ፣ ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ቆመህ የምታድረው እስከ መቼ ነው? የአያቴ መኪና እንዲኖር ከፈለግህ የሚኖርበትን ምግብ ስጠው» ይላል። ጋሼ ደግሞ «ልጄ፣ ከደብረ ሲና አልፎ ቆላ ወርዶ ሲቆም ማን ይጠግነዋል? ይህን ሞተር ማንም የገጠር መካኒክ በሁለት ቁልፍ ይፈታዋል» ይሉታል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። አባትየው የሚጠብቁት የመጠገን ችሎታን ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ኮምፒዩተር ካልፈቀደለት የማይነቃነቅ መኪና በባለቤቱ አደራ ሥር ሳይሆን በሻጩ አደራ ሥር ይኖራልና። ልጁም የሚጠብቀው ሥራን ነው፤ ሥራ የሌለው መኪና ወደ ባሕር ዛፉ ሥር መመለሱ አይቀርምና።

የእኔ ፍርድ ወደ ልጁ ያዘነብላል። ሞተር የመኪና ነፍስ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን ጋሼ ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲያወርዱና ሲያወጡ ኖረው አውሮፕላኑ ሌላ ሆነ ብለው አያውቁም። ስለዚህ ለልጁ፣ ባትሪውን ለማስቀመጥ ሲል ያንን ለጥፍ ያለበትን የሻንሲ ክፍል እንዳይቆርጠው፣ ካምቢዮውንና ረዳት ማርሹን በስፍራቸው እንዲተዋቸው፣ የሚገጥመውንም ሁሉ በዚህ አገር እጅ ሊፈታና ሊጠገን በሚችል አኳኋን እንዲገጥመው፣ አዲሱም ሞተር በሕግ እንዲመዘገብ መከርሁት። አሮጌው ሞተር ግን ወደ ሶማሌ ተራ ሄዶ እንዳይታረድ፣ በመንዝ መንገድ ሕዝብ በላንድሮቨር ለሚያመላልስ አንድ የታወቀ ሾፌር ሙሉውን፣ ከተጻፈለት ታሪክ ጋር እንዲሰጥ ለመንሁ፤ አደራ ከግዘፍ ይልቅ በዕውቀት ይተላለፋል ያልሁት እውነት ከሆነ፣ ለወጣውም ብልት ይገባዋልና።

ጋሼ ከዚህ ምክር የቀረውን ነገር ሁሉ ገና አልተቀበሉም፤ አሮጌውን ሞተር በመስጠቱ ግን ተስማምተው ሾፌሩን አስጠሩት። ሰውየው በመጣ ጊዜ የመኪናውን መዝገብ የያዙበትን ደብተር ከፍተው የሞተሩን ገጾች አንድ በአንድ አነበቡለት፤ ስለ ዋጋ ሳይነጋገሩም መጀመሪያ የነገሩት «በኋላ በኩል ዘይት ያፈሳል፤ ከእኔም በፊት ያፈስ ነበር። በየሳምንቱ ተመልከተው» የሚል ነው።